ከኮልድ ኪችን ወደ ጃፓን ማእድ ቤት፦ ለአንዲት ወጣት የምግብ ዝግጅት ባለሙያ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደገለጽሽልኝ ዕድሜሽ 22 ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀሽ በሙያና ቴክኒክ ኮሌጅ በምግብ ዝግጅት በደረጃ አራት ተመርቀሻል፤ ላለፉት ሁለት ዓመታትም በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ኮልድ ኪችን ውስጥ ሰላጣና ቀዝቃዛ ምግቦችን ስታዘጋጂ ቆይተሻል። አኒሜ የሚባሉትን የጃፓን የካርቱን ፊልሞች በማየት የጀመረሽ የጃፓን ፍቅር ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን ፊደላት በራስሽ እስከ መማር አድርሶሻል። የጠየቅሽኝም ሥዕል ተምረሽ ወደ አኒሜ ሥራ ብትገቢ፣ የጃፓንን የሸክላ ጥበብ ለመማር ብትሄጂ ወይም የጃፓን ምግብ ሙያ ብትይዢ የትኛው እንደሚሻልሽ ነው። አንድ ደላላ ገንዘብ ከከፈልሽው በሦስት ወር የሥራ ቪዛ እንደሚያስገኝልሽ ነግሮሻል፤ እናትሽ ደግሞ «ጥሬ ዓሣ ልትቆርጪ ነው ያስተማርኩሽ?» ብለው አዝነዋል። በመጨረሻም ባጠራቀምሽው ገንዘብ የጃፓን ቢላዋ ልትገዢ እንደሆነ በአንድ መስመር ጠቅሰሻል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ምግቡን ያዢ። ይህን የምልሽ ሌሎቹ ስለሚያንሱ ሳይሆን ከሦስቱ ውስጥ ዛሬ እጅሽ ላይ ያለው ሙያ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ጃፓን ለውጭ ዜጋ የምትከፍታቸው በሮች እያንዳንዳቸው ለተወሰነ ትምህርት ወይም ለተወሰነ ሥራ የተበጁ ናቸው፤ ባህሉን አጥብቆ ለሚወድ ሰው ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የሥራ ፈቃድ የለም።

አኒሜን በሚመለከት፣ በስቱዲዮ ውስጥ አዲስ ገቢ ሠራተኛ በአብዛኛው የሚጀምረው «ዶጋ» በሚባለው ደረጃ ሲሆን ሥራው አንጋፋው ሠዓሊ የሣላቸውን ዋና ዋና እንቅስቃሴዎች ተቀብሎ በመካከላቸው የሚገቡትን ሥዕሎች አንድ በአንድ መሙላት ነው። ለዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲከፈል የቆየው በሥዕል ቁጥር ሲሆን ለአንዱ ሥዕል 200 የን (የጃፓን ገንዘብ) አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ላይ የቶኪዮ የቤት ኪራይ ሲነሳ የሚተርፈውን አንቺው አስቢው። እንደ ኪዮቶ አኒሜሽን ለሠዓሊዎቻቸው ቋሚ ደመወዝ በመክፈል የታወቁ ስቱዲዮዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እዚያ የምትወዳደሪው ከልጅነታቸው ጀምሮ እርሳስ ከእጃቸው ካልተለየ ወጣቶች ጋር ነው። በደብዳቤሽ ስላየሻቸው አኒሜዎች ሁለት ገጽ ጽፈሻል፣ ስለሣልሽው ሥዕል ግን አንድም ቃል የለም። ስትሥይ የኖርሽ ብትሆኚ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የማንጋ (የጃፓን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ፋኩልቲ የከፈተውን የኪዮቶ ሴይካ ዩኒቨርሲቲን እጠቁምሽ ነበር። ይህን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 በፕሬዚዳንትነት የመሩት የማሊ ተወላጁ ኡስቢ ሳኮ ስለሆኑ፣ ከአፍሪካ መምጣት በራሱ በሩን እንደማይዘጋው ከዚህ ትረጃለሽ።

በእደ ጥበቡ ላይ ግን የራሴን ስሕተት መንገር አለብኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የሥነ ጥበብ ተመራቂ እንዳንቺ የጃፓን ሸክላ ማርኮት ምክር ሲጠይቀኝ የጃፓን መንግሥት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚሰጠውን የምርምር ስኮላርሺፕ እንዲሞክር መከርኩት። እሱም በማመልከቻው ላይ በአንድ ሸክላ ሠሪ ዘንድ ተቀምጦ በእጁ መሥራት እንደሚፈልግ በዝርዝር ጻፈና ወደቀ። መመሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበብኩት ከወደቀ በኋላ ነው፤ እንደ ካቡኪና ጥንታዊ ውዝዋዜ ያሉ ባህላዊ ትርዒቶች፣ እንዲሁም በፋብሪካ ወይም በድርጅት ውስጥ የተግባር ልምምድ የሚጠይቁ ሙያዎች በዚህ ስኮላርሺፕ እንደማይሸፈኑ በግልጽ ተጽፎ አገኘሁት። ልጁን አንድ ዓመት አቃጠልኩበት። እርግጥ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ሕግ ቢያንስ 100 ዓመት የቆየ የእጅ ሥራ ስልት ያላቸውን ከ240 የሚበልጡ የእደ ጥበብ ዓይነቶች መዝግባ ትደግፋለች፤ ሙያው የሚተላለፈው ግን በአብዛኛው በመምህርና በደቀ መዝሙር መካከል ለብዙ ዓመታት በሚዘልቅ ቅርበት ስለሆነ ያለ ገንዘብ፣ ያለ ቋንቋና ያለ ሕጋዊ መኖሪያ ፈቃድ ከዚህ ሆነሽ የምትጀምሪው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። ጃፓን በመደበኛው የባለሙያ ቪዛ ምግብ አብሳይ የምትቀበለው የውጭ አገር ምግብ እንዲያበስልላት ሲሆን ለዚያውም በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት የሥራ ልምድ ትጠይቃለች፤ ስለዚህ የሁለት ዓመት ልምድ ይዘሽ የጃፓንን ምግብ እዚያው ጃፓን ለመሥራት በዚህ በር አትገቢም። ለአንቺ የሚስማማው መጀመሪያ ተማሪ ሆኖ መግባት ነው። የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ «ሴንሹ ጋክኮ» ለሚባሉት የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች የተለየ ዘርፍ አለው፤ ጠቅላላው ሦስት ዓመት ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት ለቋንቋ ይውላል፣ የትምህርት ክፍያውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ይሸፍናል፣ ለኑሮም በወር 117,000 የን ይሰጣል። አሥራ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ትምህርት ያጠናቀቁትን ይቀበላል፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በጃፓንኛ ነው። የዕድሜ ጣሪያው ግን ጥብቅ ነው፤ በምትሄጂበት ዓመት በፈረንጆቹ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ 25 ዓመት ያልሞላሽ መሆን አለብሽ፤ ይህም ማለት ሁለት ያህል ጊዜ ለመሞከር የሚበቃ ጊዜ ብቻ ቀርቶሻል ማለት ነው። ማስታወቂያው በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ስለሚወጣና ዘርፎቹ ከአገር አገር ስለሚለያዩ፣ በዚህ ዓመት ለኢትዮጵያ ምን እንደተከፈተ አዲስ አበባ ከሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ በቀጥታ ጠይቂ።

ከተመረቁ በኋላም መንገድ አለ። የጃፓን የግብርና ሚኒስቴር በአገሪቱ ከሚገኙ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤቶች የተመረቁ የውጭ ዜጎች በምግብ ቤቶች እየሠሩ እስከ አምስት ዓመት እንዲሠለጥኑ የሚፈቅድ ፕሮግራም ያካሂዳል። ከዚህ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ ያለው የጃፓን ምግብ ብቃት ማረጋገጫ አለ፤ ነሐሱ በአጭር ሥልጠና የሚገኝ ሲሆን ብሩ አንድ ዓመት፣ ወርቁ ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል በጃፓን መሥራትን ይጠይቃል። ይህ ወረቀት ከጃፓን ውጭ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ በመሆኑ ዱባይ ወይም ዶሃ ላለ ሆቴል ስታመለክቺ ይጠቅምሻል።

ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከቪዛው ይበልጥ ልታስቢበት የሚገባ ነገር ነው። ሱሺ ስትይ ምናልባት በዓይነ ኅሊናሽ የሚመጣው ያማረው ሰሐን ይሆናል፤ በጃፓን ማእድ ቤት ግን ጀማሪው ለረጅም ጊዜ የሚውለው ዕቃ በማጠብ፣ ሩዝ በማጠብና አትክልት በመላጥ ነው። «ካትሱራሙኪ» የሚባል ልምምድ አለ። ዳይኮን ከሚባለው ረጅም ነጭ ፍጅል የጣት ርዝመት ያህል ትቆርጪና በግራ እጅሽ እያዞርሽ፣ ቢላዋውን ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂቱ እያንቀሳቀስሽ ሳይቋረጥ እንደ ጨርቅ ጥቅልል እየተፈታ እንዲወጣ ትልጪዋለሽ፤ ጥሩ ተላጠ የሚባለው ከሥሩ ያለ ጽሑፍ አሳልፎ ሲያሳይ ነው። ከዚያ ያ ስስ ቅጠል ተደራርቦ እንደ ክር ይከተፋል፤ ሳሺሚ ከሚባለው በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ዓሣ ሥር የምታይው ነጭ ክምር እሱ ነው። ሥራው የሚበላው ሰው ልብ የማይለው ጌጥ ቢሆንም ጀማሪው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እጁን የሚያሠለጥነው በእሱ ነው። ዳይኮን ካላገኘሽ በኪያር ወይም በካሮት ሞክሪው፤ ለአንድ ወር በየምሽቱ ሃያ ደቂቃ ሠርተሽው ካልሰለቸሽ ይህ ሙያ ያንቺ ለመሆኑ ከእኔ ምክር የተሻለ ማስረጃ ይሆንሻል።

ሁለተኛው መሠረት «ዳሺ» የሚባለው መረቅ ነው። የእኛ ወጥ በቁሌቱ እንደሚታወቅ ሁሉ የጃፓን ምግብም የሚለየው በዳሺው ነው። «ኮምቡ» የሚባለው የደረቀ የባሕር ሣር 60 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ጣዕሙን ይሰጣል፤ ውኃው ሳይፈላ ይወጣና ጢስ ጠጥቶ እንጨት እስኪመስል የደረቀ፣ በመላጊያ የሚላግ ዓሣ ይጨመርበታል፣ ወዲያውም ይጠለላል። ኢኬዳ ኪኩናኤ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1908 ኡማሚ ብሎ የሰየመውን ጣዕም ለይቶ ያወጣው ከዚሁ ከኮምቡ ነው። ሽንኩርት ለሰዓታት በማብሰል ለሠለጠነ እጅ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነገር ቀላል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ደቂቃ ከዘገየሽ መረቁ ይመርራል።

አንቺ ይዘሽ የምትሄጂው ነገር ደግሞ እንዳለ አትርሺ። በቡድሃ ገዳማት የዳበረ «ሾጂን ርዮሪ» የሚባል ከሥጋና ከዓሣ ነጻ የሆነ የምግብ ሥርዓት አለ፤ በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ የጾም ምግብ በሚበላበት አገር ለሠለጠነች አብሳይ ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ማእድ ማሳመር አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ሾጂን ሽንኩርትንና ነጭ ሽንኩርትንም የሚከለክል መሆኑ ነው፤ እኛ ያለ እነዚህ ሁለቱ ምን እንደምንሠራ ስጠይቅ እኔ ራሴ መልስ አጣለሁ። በዚህ ረገድ ራስሽን ብታሠለጥኚ በማመልከቻሽ ላይ «ጃፓንን እወዳለሁ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ይልቅ ፈታኙ የሚያስታውሰው ነገር ይኖርሻል። ለእናትሽም ክትፎ የሚበላ ሕዝብ ጥሬ ዓሣን የሚነቅፍበት ምክንያት ብዙም እንደሌለው በትሕትና አስረጂያቸው። ከባዱ ጥያቄያቸው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በባህላዊ የሱሺ ቤቶች ሴት ባለሙያ ጥቂት ናት፣ «የሴት እጅ ይሞቃል» የሚል አሮጌ አባባልም እስካሁን ይሰማል። እየተለወጠ ቢሆንም ገና ስላላለቀ፣ ስትመርጪ ሴቶችን ከሚያሠለጥን ማእድ ቤት ጀምሪ።

ቋንቋሽን በሚመለከት፣ ፊደላቱን ማወቅሽ መልካም ጅምር ቢሆንም ከአኒሜ የተማርሽውን አነጋገር በማእድ ቤት እንዳትጠቀሚበት አደራ። «ኦማኤ» የሚለውን ቃል ጀግናው ሲናገረው ያምራል፤ ለሼፍሽ ብትይው ግን አንድን አዛውንት «አንተ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። አማርኛ አንቱታን ስለሚያውቅ የጃፓንኛን የአክብሮት ንግግር ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ አንቺ ፈጥነሽ ትረጂዋለሽ። ከጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ደረጃዎች በዚህ ዓመት የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደረጃ ኤን 5ን፣ በሚቀጥለው ከእሱ በላይ ያለውን ኤን 4ን ዓላማ አድርጊ።

ደላላውን አትክፈዪው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረውና የምግብ ቤት ሥራን የሚጨምረው የልዩ ሙያ ሠራተኞች ቪዛ የሙያ ፈተናና በኤን 4 ደረጃ ያለ የቋንቋ ችሎታ ይጠይቃል፤ በየዘርፉ የሚቀበለው ሰው ብዛትም የተወሰነ ነው። አንቺ ኤን 5 እንኳ ሳትወስጂ በሦስት ወር ቪዛ አወጣልሻለሁ የሚል ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ሕጉን አያውቅም ወይም አንቺ አታውቂም ብሎ ያስባል። በተማሪ ቪዛ ገብተሽ ሙሉ ቀን ትሠሪያለሽ ካለሽም ተማሪ በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ እንዲሠራ እንደማይፈቀድለት ንገሪው።

ስኮላርሺፑ ባይሳካ ሥራሽን አትልቀቂ፤ በሆቴልሽ ውስጥ ዓሣ ወደሚዘጋጅበት ክፍል እንዲያዛውሩሽ ጠይቂና አንድ ዓመት ከሠራሽ በኋላ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚገኙ የጃፓን ምግብ ቤቶች በኮሚ ሼፍነት (በጀማሪ ረዳት አብሳይነት) በሕጋዊ መንገድ አመልክቺ። ከዚያ ማእድ ቤት ወደ ጃፓን የሚደረገው ጉዞ ከአዲስ አበባ ከሚደረገው ያጠረ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቢላዋው፦ አሁን አትግዢ። የሳሺሚ ቢላዋ በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ በመሆኑ አሳሳሉን ለማያውቅ ሰው በሳምንታት ውስጥ ይበላሻል። በኦሳካ አቅራቢያ ባለችው ሳካይ ከተማ አንጥረኛው፣ ስለት አውጪው እና እጀታ ሠሪው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ስለት ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ከዚህ ትረጃለሽ። ባለሽ ገንዘብ ቁጥር 1000 የሆነ የመሳያ ድንጋይ ግዢና በሆቴሉ ቢላዋ ተለማመጂበት፤ ድንጋዩን አሥር ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ነክረሽ ጀምሪ፣ ስለቱንም በቲማቲም ላይ ሳትጫኚ ሞክሪው።