ልጆቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ ብሩ ዘግይቶ፦ ስለ ኮምቦልቻ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥያቄና መልስ

ብዙ ዓመት በትምህርት ሥራ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ሒሳብ አስተማሪ፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህር፣ ኋላ ደግሞ በዕቅድና በጀት በኩል። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ከኮምቦልቻም ከደሴም ወላጆች ይጠይቁኛል፤ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መምህሩ፣ ስለ ተማሪው ብዛት። የመጡልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሦስቱም ኮምቦልቻ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ትምህርት በነጻ ነው ይባላል፤ መስከረም ሲጠባ ግን መዋጮ አምጪ ነው። መንግሥት በጀት አይመድብም እንዴ?

መልስ፦ ይመድባል እህቴ። ግን አብዛኛው በጀት ትምህርት ቤት የሚደርሰው ደመወዝ ሆኖ ነው። ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሉ በበኩሉ በቀመር እያሰላ ለወረዳና ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍላል፣ በጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከተማው ለትምህርት ከመደበው ላይ መጀመሪያ የሚነሳው የመምህራን ደመወዝ ነው። እሱን ማንም አይነካውም፣ መነካትም የለበትም። ጠመኔውም፣ ወረቀቱም፣ የተሰበረ ዴስክ ማስጠገኛውም ከሚተርፈው ነው የሚወጣው። የሚተርፈው ደግሞ ትንሽ ነው። እኔ ርዕሰ መምህር በነበርኩበት ጊዜ የማባዣ ቀለም አልቆ ፈተናውን ሰሌዳ ላይ ጽፈን አስፈትነናል።

ሌላ የገንዘብ ምንጭም አለ፤ እኛ «ስኩል ግራንት» የምንለው። ለአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ተብሎ የመጣ ድጎማ ሲሆን ለመማር ማስተማሩ ሥራ እንጂ ለደመወዝ አይውልም። የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መዋጮውን በተመለከተ፦ በፖሊሲው መሠረት በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርት በነጻ ነው። መዋጮ ወላጆች ተሰብስበው ተስማምተው የሚሰጡት ነገር ነው፤ የመመዝገቢያ ዋጋ አይደለም። «ካልከፈልሽ አንመዘግብም» ካሉሽ ዝም ብለሽ አትመለሺ። መጀመሪያ ወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረቱ ዘንድ ሂጂ፣ እዚያ ካልሆነልሽ ትምህርት መምሪያ።

ጥያቄ፦ የልጄ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ አለ። መስፈርቱ ስንት ነው? ለምንስ እንዲህ ሆነ?

መልስ፦ ትምህርት ሚኒስቴር ያስቀመጠው ልክ ለአንደኛ ደረጃ በክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ነው።

ሰማንያ ልጅ ያለበት ክፍል ገብቶ ያላየ ሰው ቁጥሩ ብቻ አይገባውም። ለሦስት ልጅ የተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ይቀመጣሉ። ዳር ያለው ልጅ ግማሽ ጎኑ አየር ላይ ነው፤ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። መምህሩ በዴስኮቹ መካከል ማለፊያ ስለሌለው ኋላ ያሉትን ደብተር ሳያይ ይወጣል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው ብለን ብናካፍለው ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ይደርሰዋል፣ ያውም መምህሩ ምንም ሳያስተምር ደብተር ብቻ ቢያይ። ታዲያ 4ኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያቃተው ልጅ ሲገኝ መምህሩን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው።

ለምን ሆነ ላልከው፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ልጆቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ ብሩ ዘግይቶ ይመጣል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ የኮምቦልቻ ሕዝብ 85,367፣ የደሴ ደግሞ 151,174 ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። በ1999 የተወለደ ልጅ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሄዷል፤ እኛ ግን አሁንም ከዚያ ቆጠራ ተነስተን ነው ሕዝቡን የምንገምተው። በዚህ መሃል ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባባት፣ ሰው ከቃሉም ከአልብኮም ከወረባቦም እየመጣ ተከራየ፣ ጦርነት ያፈናቀለው ተጨመረ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ከተማ ዘመድ ቤት ላከ። እነዚህ ልጆች ግምቱ ውስጥ የሉም። ክፍል ውስጥ ግን አሉ።

የስኩል ግራንቱም ነገር እንዲሁ ነው። የሚሰላው ቀደም ሲል በተሰበሰበው የተማሪ ስታቲስቲክስ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ሁለት መቶ ልጅ የተጨመረበት ትምህርት ቤት ዘንድሮ በአምናው ቁጥር ይኖራል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ፈረቃ ይሆናል፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት። ክፍሉን ያቃልላል፣ የትምህርት ሰዓቱን ግን ይበላል።

ጥያቄ፦ ተፈናቅለን ነው የመጣን። የልጄ ካርድም መልቀቂያም የለም፣ የነበረበት ትምህርት ቤት ተቃጥሏል። «ለጊዜው ገብታ ትቀመጥ» ብለው አስገቧት፣ ሁለተኛ ወሯ ነው። ይሄ በቂ ነው ወይ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ልጅሽ ክፍል መግባቷ ትልቅ ነገር ነው። ግን በቂ አይደለም። «ገብታ ትቀመጥ» ማለት ስሟ ሮስተር ላይ፣ ማለትም በተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገብ ላይ፣ የለም ማለት ነው። ስሟ ከሌለ ውጤቷ አይመዘገብም፤ ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ የእሷ አይኖርም፤ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ብትደርስ ለክልላዊ ፈተና ፎርም የሚሞላላት አይኖርም። ለትምህርት ቤቱም ጉዳት ነው። ዴስክ ላይ ተቀምጣለች፣ መጽሐፍ ትጋራለች፣ በቁጥር ግን የለችም፤ ስለዚህ በስሟ የሚመጣ ሳንቲም የለም።

እዚህ አገር ሰነድ መጥፋት አዲስ ነገር አይደለም። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ እኛም ዘንድ ዴስክ ለማገዶ ሆኗል፣ ኮምፒዩተር ተዘርፏል፣ ሮስተር ተበትኗል። የዚያን ጊዜ የተሠራበት መንገድ አሁንም ይሠራል፦ ትምህርት ቤቱ የምደባ ፈተና ይሰጣል፣ ልጅቷ በምትመጥነው ክፍል ትመደባለች፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ማኅደር ይከፈትላታል። ነገ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደሽ «የምደባ ፈተና ትፈተንልኝና ሮስተር ላይ ትግባልኝ» በይ። አብራሽ አንድ የሠፈር ሰው ይሂድ። ከአምናው ክፍል ዝቅ ብትል አትዘኚ፤ ስሟ ይግባ እንጂ ክፍሉ ይደረስበታል።

ጥያቄ፦ የእኛ ትምህርት ቤት ፊዚክስ መምህር ከጠፋ ሰነበተ፣ አማርኛና ጂኦግራፊ ግን ትርፍ አለ ይባላል። ይሄ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል ወንድሜ። መምህር በቁጥር ሲታይ ሊሞላ ይችላል፣ በትምህርት ዓይነት ሲታይ ግን ይጎድላል። ገጠር ያለ መምህር ሁሉ ዓይኑ ከተማ ላይ ነው። ልጁን ማስተማር ይፈልጋል፣ ሚስቱ ወይም ባሏ ከተማ ነው፣ አሁን አሁን ደግሞ የመንገዱ ፀጥታ አለ። ዝውውር በአገልግሎት ዘመንና በማኅበራዊ ችግር ስለሚታይ ወደ ከተማ የሚገባው ነባር መምህር ነው፤ ያስተማረው ትምህርት ከጎደለው ጋር ላይገጥም ይችላል። ፊዚክስና ሒሳብ በደንብ የሚችለውን ደግሞ የግል ትምህርት ቤት ይወስደዋል፣ ወይም ሙያውን ትቶ ይሄዳል።

ደመወዙን እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው ማሻሻያ የዲግሪ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው። ግን ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ጤፍ ገዝቶ፣ ለእናቱ ትንሽ ልኮ ወሩን የሚያደርስ ወጣት መምህር ካለ ንገሩኝ። የፊዚክስ መምህር እንዲቆይ የሚፈልግ ከተማ ቤት ሠርቶ በትንሽ ኪራይ ቢሰጠው ከሁሉም ይሻላል። መሬት ያለው ከተማው ነው፣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለን፣ ጨርቃ ጨርቅ አለን፣ ቢራ ፋብሪካ አለን። የዚህ ሁሉ ግብር ትምህርት ቤት ማሠራት አይችልም?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ኮምቦልቻ ቆመ ማለት ግብሩ ኮምቦልቻ ቀረ ማለት አይደለም። የትልልቅ ድርጅቶች ግብር በሕግ በፌዴራልና በክልል መካከል የሚደለደል ነው። ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ሲሆን፣ ፓርክ ውስጥ የሚገቡ ባለሀብቶች ለዓመታት የገቢ ግብር እፎይታ አላቸው። በዚያ ላይ በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚሸጥበት ዕድል፣ ስታስወጣ ወደ ውጭ የሚልኩት ተመቱ፣ ጦርነቱም ፓርኩን አልማረውም። ለከተማው የሚቀረው በዋናነት የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው፤ ሊዝ፣ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ። ከዚያ ላይ መንገዱም ውሃውም ይጠብቃል። ስለዚህ አዲስ ክፍል ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ እጅ አለበት፤ «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ፋብሪካዎቹ ግን በፈቃዳቸው ዴስክና ቆርቆሮ ቢሰጡ ማንም አይከለክላቸውም። ዕቅድና ዋጋ ይዞ በራቸውን የሚያንኳኳ ኮሚቴ ይፈልጋል፣ ባዶ እጁን «እርዱን» የሚል አይደለም።

ጥያቄ፦ 9ኛ ክፍል ላይ ሴቶቹ ብዙ ነበሩ፤ 11ኛ ክፍል ስንደርስ ተመናመኑ። የት ሄዱ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አንዳንዷ ፋብሪካ ገባች፣ አንዳንዷ ዐረብ አገር ሄደች፣ አንዳንዷ ተዳረች። ወሎ ውስጥ ዘመዱ ሳዑዲ ያልሄደበት ቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ወንዶቹም በጅቡቲ በኩል በባሕር ይሄዳሉ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ደግሞ ተስፋ አስቆረጠ። በአገር ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። እየተሻሻለ ነው፣ ግን አንድ አባት ይሄን ሰምቶ «ሁለት ዓመት ደክማ ልትወድቅ ነው፣ አሁኑኑ ትሂድ» ቢል አይገርመኝም። አልስማማም፣ አይገርመኝም ግን። የቀረች ጓደኛ ካለሽ በሳምንቱ ቤቷ ሂጂና ለክፍል ኃላፊሽ ንገሪ። አንድ ወር ያለፋት ልጅ ስትመለስ ታፍራለች፣ አንድ ሳምንት ከሆነ ግን ትመለሳለች።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ልንዛወር ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች አብረው ነው የሚማሩት? ምገባስ አለ?

መልስ፦ አብረው ነው፣ አንድ ዴስክ ላይ። ወሎ ነው የምትመጡት፣ በዚህ አትጨነቁ። ምገባው ግን አዲስ አበባ ውስጥ እንደለመዳችሁት በከተማው በጀት የሚሰጥ ነገር አትጠብቁ፤ ለልጃችሁ ምሳ ቋጥሩለት።

ጥያቄ፦ ወላጅ ኮሚቴ ተመርጫለሁ። የሒሳብ ሰው አይደለሁም። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ሦስት ነገር ጠይቅ። የመጀመሪያው፦ ስኩል ግራንቱ ዘንድሮ ስንት ገባ፣ በምን ላይ ዋለ? ይሄ በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ ያለበት ነው፤ ካልተለጠፈ እንዲለጠፍ በትሕትና ጠይቅ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም አስይዝ። ሁለተኛው፦ የውስጥ ገቢው ምንድን ነው? የሻይ ቤት ኪራይ፣ የግቢው ሣር ሽያጭ፣ መዋጮው፣ ሁሉም ደረሰኝ አለው ወይ?

ሦስተኛውን ከሁሉም አስበልጥ። ስኩል ግራንቱ የሚሰላበት የተማሪ ስታቲስቲክስ ፎርም ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሞላል። ከመላኩ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሆናችሁ ክፍል ለክፍል ዙሩና ዴስክ ላይ ያለውን ልጅ ከሮስተሩ ጋር አስተያዩ። ስሙ የሌለ ልጅ ካገኛችሁ እዚያው መዝግቡት። ወላጁን እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ሰው ልኩበት።