የሰኔው ቲያትር በጥቅምት ይጀመራል

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን በትምህርት ቤቷ የቲያትር ክበብ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ቤት ውስጥም ሥራዋ ይኸው ነው፤ በተለይ አያቷ ደሴ ሲደውሉ የሚያሰሙትን ንግግር አስመስላ ስታቀርብ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ትምህርት ሲዘጋ ለጥቂት ሳምንታት እያሳደረ ቲያትር የሚያስተምር፣ በውድድር የሚገባበት ፕሮግራም መኖሩን ሰምታ «ላመልክት» እያለች ነው። ለኦዲሽኑ፣ ማለትም ዳኞች ፊት ለሚቀርበው የትወና ፈተና፣ የመረጠችው አንዲት ያረጀች ንግሥት እያለቀሰች የምትናገረውን ረጅም መነባንብ ነው። አባቷ «ልጄን አዝማሪ ላደርጋት ነው ወይ?» ይላል፤ ወጪውም ያስፈራናል። የት ታመልክት? እንዴትስ ትዘጋጅ?
እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ወጪው የሚያስፈራችሁ ከሆነ ከሩቁ በፊት የራሳችሁን ስቴት ተመልከቱ። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የገቨርነሩ ትምህርት ቤት በሚባለው መርሐ ግብር ለጎበዝ ተማሪዎች አዳሪ የሰመር ትምህርት ትሰጣለች፤ ከዚሁ ውስጥ አንዱ ለሥዕልና ለመድረክ ጥበባት የተለየ ሲሆን ቲያትር፣ ዳንስ፣ ድምፃዊነትና የመሣሪያ ሙዚቃ የየራሳቸው ዘርፍ አላቸው። የሚያመለክቱት የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ቤተሰብም የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ነገር ግን ተማሪዋ እንደ ሌሎቹ ፕሮግራሞች በራሷ ገብታ ቅጽ ሞልታ የምትልክበት አይደለም፤ መጀመሪያ ትምህርት ቤቷና የትምህርት አውራጃው ሊያጯት ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው በስቴት ደረጃ ከሌሎች እጩዎች ጋር የምትወዳደረው። የእጩነቱን ቀን የሚወስነው እያንዳንዱ አውራጃ ነው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ቢሆንም የማጨቱ ሥራ የሚጀመረው በመጸው ወራት ነው። ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ልጆች የሚቀሩት በኦዲሽኑ ወድቀው ሳይሆን፣ ወላጅ ጉዳዩን የሚሰማው በሚያዝያ፣ የሌላ ሰው ልጅ ስታልፍ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ልጅዎ ወደ ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) ትሂድና «ለገቨርነር ስኩል የውስጥ ማመልከቻው መቼ ነው የሚዘጋው?» ብላ ትጠይቅ። የቲያትር መምህሯንም እንዲሁ፤ አንዳንዴ ካውንስለሩ የማያስታውሰውን መምህሩ ያስታውሳል።

ሌሎችም አሉ። በኢሊኖይ የሚገኘው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ከ1931 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲያስተምር የኖረ ነው፤ የቲያትር ክፍሉ ግን 11ኛ ክፍልን የጨረሱትን ስለሚቀበል ለልጅዎ የሚሆነው በሚቀጥለው ዓመት ነው። እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ክፍያቸው በሺህ የሚቆጠር ዶላር በመሆኑ የገንዘብ ድጋፍ የሚጠየቅበትን ቅጽ ከማመልከቻው ለይታችሁ ተመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ ቀኑ ቀድሞ ይዘጋል፣ የታክስ ወረቀትም ይጠይቃል።

ወደ ንግሥቲቱ ልመለስ። ይህን በግልጽ ልበል፦ ያቺን መነባንብ ትተዋት። የ15 ዓመት ልጅ የ70 ዓመት ሴትን ሐዘን ስትጫወት ዳኞቹ የሚያዩት ልፋቷን ነው፤ እሷን አያዩም። በዕድሜዋ አካባቢ ያለች ገጸ ባሕርይ ትፈልግ፤ የምትፈልገው ነገር ያላት፣ ያን ነገር ከፊቷ ካለው ሰው ለማግኘት የምትለማመጥ፣ የምትቆጣ፣ የምትዋሽ ትሁን። ትዝታን ብቻ የሚተርክ መነባንብ ቃላቱ ቢያምሩም የሚሠራበት ነገር የለውም። ምንጩ በመጽሐፍ የታተመ ተውኔት ይሁን፤ ከፊልም የተቀዳ ወይም ራሷ የጻፈችው ብዙ ቦታ ተቀባይነት የለውም። ሙሉ ተውኔቱንም ታንብብ። ዳኛ «ይህች ልጅ ከዚህ በፊት ምን ሆና ነው የመጣችው?» ብሎ ቢጠይቃት መልስ የምታጣው አንዲቱን ገጽ ብቻ ከኢንተርኔት የወሰደች ተማሪ ናት። ሁለት መነባንብ ከተጠየቀች ደግሞ አንዱ የሚያስቅ ይሁን፤ እንደጻፉልኝ ከሆነ ጉልበቷም እዚያ ላይ ይመስለኛል።

በአካል የሚደረግ ኦዲሽን ከሆነ፣ ተጫውታ ስትጨርስ «አሁን ደግሞ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ በሹክሹክታ በይው» ሊሏት ይችላሉ። ይህ የመጀመሪያው መጥፎ ነበር ማለት አይደለም። የተለማመደችውን ለቃ አዲስ መመሪያ መቀበል ትችል እንደሆነ ማየት ፈልገው ነው፤ የሚመርጡት ለማስተማር ነውና። ስለዚህ እቤት ስትለማመድ እርስዎም አንድ ጊዜ በሹክሹክታ፣ አንድ ጊዜ እየሳቀች፣ አንድ ጊዜ ልብስ እያጣጠፈች እንድትለው ያድርጓት። መስታወት ፊት መቶ ጊዜ የተደገመ መነባንብ ይደርቃል።

በቪዲዮ ከሆነ ስልኩ በአግድም ይቁም፣ ከወገብ በላይ ትታይ፣ መስኮቱ ከኋላዋ ሳይሆን ከፊቷ ይሁን። ስሟን፣ የተውኔቱንና የገጸ ባሕርይዋን ስም ተናግራ ትንሽ ቆም ብላ ትጀምር፤ ካሜራውን ትኩር ብላ ከማየት ይልቅ ከጎኑ አንድ ነጥብ ይዛ ትናገር፤ መሐል ላይ ተቆርጦ የተቀጠለ ነገር አይኑር። የእኛን ቤት ጉድ ልንገርዎ፦ የእኅቴ ልጅ ያመለከተች ዓመት አራት ጊዜ ቀርጸን፣ የመጨረሻውን ልከን፣ ማታ ቡና ላይ ስናየው የጭስ ማስጠንቀቂያው ባትሪ ደክሞ ኖሮ ልክ ዝም የምትልበት ቦታ ላይ «ጢጥ» ይላል። ወራት ሙሉ ስለሰማነው ጆሯችን ተላምዶት ነበር። ከመላካችሁ በፊት ቤታችሁን የማያውቅ ሰው ይስማው።

የድጋፍ ደብዳቤውን የምናከብረው ዶክተር ወይም የደብሩ አስተዳዳሪ ሳይሆን ልምምድ ላይ ያያት መምህር ይጻፍላት፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድማ ትጠይቀው። ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሳቸው በሚጽፉት ጽሑፍ ላይ ደግሞ ልጆቻችን «ወላጆቼ ብዙ መሥዋዕትነት ከፍለው ወደ አሜሪካ መጡ» ብለው ይጀምራሉ። እውነት ነው፣ ነገር ግን ስለ ቲያትር ምንም አይናገርም። ልጅዎ ግን አያቷ ስልክ ሲያወሩ ደሴ ሩቅ ስለሆነች ድምፃቸውን ከፍ እንደሚያደርጉ፣ ጥሩ ዜና ሲሰሙ ነጠላቸውን እንደሚያስተካክሉ ያስተዋለች ልጅ ሳትሆን አትቀርም፤ አስመስሎ መጫወት ሌላ አይደለምና። ያንን ትጻፍ። የት ቁጭ ብላ እንዳየቻቸው፣ መጀመሪያ ምኑ እንዳልያዘላት፣ በኋላ እንዴት እንደያዘላት።

ለአባቷ የምለው አጭር ነው። እኔ አዝማሪነትን እንደ ስድብ አልቆጥረውም፤ ይህ ግን የሙያ ውሳኔ አይደለም፣ የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ነው። ኮሌጅ ያስገባታል ብዬም አላባብለውም። የማደሪያው ጉዳይ የሚያሳስበው ከሆነ ሴቶችና ወንዶች የት እንደሚያድሩ፣ ማን ሌሊት እንደሚጠብቃቸው፣ ጾም የያዘች ልጅ ምን እንደምትበላ ራሱ ደውሎ ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ መመለስ የለመዱት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ትራምፔት ይጫወታል። በሚቺጋን ኢንተርሎከን የጥበባት ካምፕ አመልክቶ «ተጠባባቂ» ተብሏል። ሌላ ቪዲዮ እንላክ? በሌላ ቦታ ደግሞ አልፎ ቀብድ ክፈሉ እያሉን ነው።
አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ካልጠየቋችሁ አትላኩ። ዛሬውኑ ልጁ ራሱ በሁለት መስመር «አሁንም መምጣት እፈልጋለሁ» ብሎ ይጻፍላቸው፤ ዝም ያለ ተጠባባቂ እንደተወው ሊቆጠር ይችላል። ካምፑ በ1928 ሲመሠረት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኦርኬስትራ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ኦርኬስትራ ደግሞ የወንበር ጉዳይ ነው። አንድ ትራምፔተኛ ሲቀር የሚጠራው ትራምፔተኛ ነው፤ አሥር ቫዮሊኒስት ቢቀር ለልጅዎ ቦታ አይከፈትም። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ስንተኛ እንደሆነ ሳይሆን፣ በእሱ መሣሪያ ስንት ተጠባባቂ እንዳለ ጠይቁ። ቀብዱን በተመለከተ፣ ገንዘቡ እስከ የትኛው ቀን ድረስ እንደሚመለስ በጽሑፍ አይታችሁ፣ የማይመለስ ከሆነም ማጣቱን የምትችሉት ከሆነ ክፈሉ፤ ያለፈበትን ቦታ ላላለፈበት ብሎ መልቀቅ አይገባም።