ለቤትም ለስሜንም የሚሆን ጄኔሬተር የቱ ነው?

ጥያቄው የመጣው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከሚኖር ወንድም ነው። ባጭሩ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ፣ ቲቪው፣ ዋይፋዩና ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ይቆሙበታል፣ አንዳንዴ ደሞ እንግዳ ይዞ ስሜን ተራሮች ይወጣና ሳንቃበር የሚባለው ካምፕ ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ሁለት ጄኔሬተር አይቷል፣ አንዱ አዲስ ሆኖ 5 ኬቪኤ የሚል የተለጠፈበት ክፍት ፍሬም (ሞተሩ ሳይሸፈን በብረት ብቻ የታቀፈ)፣ ሌላው ያገለገለ 2 ኪሎዋት ኢንቨርተር (ኤሌክትሪኩን በኤሌክትሮኒክስ አስተካክሎ የሚያወጣ ጄኔሬተር)፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ባለቤቱ ደሞ እንጀራ ካልጋገረ ምን ያደርግልናል ትላለች፣ የቱን ልግዛ ነው የሚለው።

ወንድሜ ከምጣዱ ልጀምር፣ ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክነው እዛ ጋ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል። 5 ኬቪኤ ሲባል 5 ኪሎዋት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ በ0.8 ተባዝቶ ነው ዋቱ የሚገኘው፣ ማለትም 4 ኪሎዋት፣ እሱም ከባህር ጠለል ብዙ ባልራቀ ቦታ ሲሰራ ነው። ጎንደር 2100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተር ደሞ ያለ አየር ቤንዚኑን ማቃጠል አይችልም፣ በየ300 ሜትሩ ወደ 3.5 ፐርሰንት ጉልበቱ ይቀንሳል። ሰባት ጊዜ 3.5 በለው፣ ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። 4ቱ ኪሎዋት እኛ ጋ ሲደርስ 3 ሆነ፣ ምጣዱንም አልቻለም። ስለዚ ለእህታችን ቁርጡን ንገራት፣ እንጀራው መብራት ባለ ቀን ይጋገር፣ ካልሆነም በእንጨት፣ በጄኔሬተር ግን ተዉት።

ይሄ የነገርኩህ ቅናሽ ራሱ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ለከፍታ ከተስተካከለ ነው፣ ካልተስተካከለ ከዚህም ይብሳል። ቤንዚኑ እንደ ቆላ እየፈሰሰ አየሩ ግን ያንሳል፣ ያኔ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጭነት ስትሰጠው ያንቃል። አንድ ደንበኛ አዲስ ማሽን ነው ግን አይጎትትም ብሎ አመጣልኝ፣ ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) ስፈታው ጫፉ በደረቅ ጥላሸት ተሸፍኗል፣ በጣት ሲነካ እንደ ከሰል ዱቄት ይረግፋል፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ጂግለሩን፣ ያቺን መሀሏ የተበሳች ትንሽ የነሐስ ብሎን፣ ቀዳዳዋ በጠበበ ቀየርኩለትና ካንዴላው ከዛ በኋላ ቡኒ ሆነ። ግን ደሞ እንዲህ የተስተካከለ ማሽን ወደ ቆላ መተማ ምናምን ይዘህ ከወረድክ መልሰህ ማስቀየር አለብህ፣ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ይግልና ፒስተኑን ይበላዋል።

አሁን ያንተን ቤት እንደምረው። ፍሪጅ ሲሰራ 150 ዋት አካባቢ ነው ግን ሲነሳ ለሰከንድ ብዙ እጥፍ ይጎትታል፣ ቲቪ 100፣ ዋይፋይ 15፣ አምፖሎቹ ሁሉም ተደምረው 60 ቢሆኑ፣ ስልክና ላፕቶፕ 100። ከ450 አያልፍም። ፓምፑ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ከሆነ ለብቻው ከ500 እስከ 600 ዋት ይስባል፣ ሲነሳ ደሞ ለሰከንድ ብዙ እጥፍ። 2 ኪሎዋቱ ኢንቨርተር ጎንደር ላይ 1500 ዋት ይሰጥሃል፣ ስለዚ ፍሪጁንና ሌላውን ነቅለህ ፓምፑን ለብቻው ታስነሳለህ፣ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን አጥፍተህ ሌላውን ትመልሳለህ፣ ፓምፑን ማስነሳት ከቻለ በቃ ይበቃሃል።

እኔ ኢንቨርተሩን ውሰድ ነው የምልህ። ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩም ዝግ ይላል፣ እንዳንተ ቤት ባለ ጭነት በሰዓት ግማሽ ሊትር አካባቢ ነው የሚበላው፣ ክፍቱ 5 ኬቪኤ ግን አምፖል ብቻ ብታበራበትም ሙሉ ዙሩን ነው የሚዞረው፣ ቤንዚን ተሰልፈን በምናገኝበት ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ድምፁም ጎረቤት አያስነሳም፣ ቮልቴጁም ስለማይዋዥቅ ላፕቶፕና ቲቪ አይጎዳም።

ግን ያገለገለ ነው ስላልክ ሳትፈትነው ብር እንዳታወጣ። መጀመሪያ ሞተሩን በእጅህ ዳስሰው፣ ሞቆ ከጠበቀህ አስቀድመው አስነስተውታል፣ ሌላ ቀን ቀዝቅዞ እያለ አሳየኝ በላቸው። ከዛ ከቤት ካውያ ይዘህ ሂድ፣ 1000 ዋት የሆነ፣ አንድ አምፖልና መልቲሜትርም (ቮልት መለኪያ) ጨምር። ሜትሩ 220 አካባቢ ማንበብ አለበት፣ ካውያውን ስትሰካ ሞተሩ ጎርነን ብሎ ወዲያው መረጋጋት አለበት፣ አምፖሉ ከደበዘዘና ካልተመለሰ ወይ ከተርገበገበ ተወው። ሩብ ሰዓት ያህል ከካውያው ጋር ይስራ። ፕሌቱንም (ቁጥሩ የተጻፈበትን ሰሌዳ) አንብበው፣ ማክስ (ለአፍታ ብቻ የሚችለው) የሚለውን ሳይሆን ሬትድ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው) የሚለውን ነው የምትይዘው፣ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ካለ ደሞ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ላንተ ቤት አይሆንም።

አሁን የምነግርህን እባክህ ልብ ብለህ ስማኝ። ሌባ ይወስደዋል ብለው ማታ ማታ ኮሪደር ወይ ኩሽና አስገብተው የሚያስነሱ አሉ። ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ ያደረን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ተኝተህ አትነቃም። በር መክፈትም መስኮት መክፈትም አያድንም። ውጪ፣ ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ማርሚታው ፊቱን ከቤት አዙሮ ይቀመጥ፣ ለሌባው ወፍራም ሰንሰለትና ቁልፍ ግዛ። ሁለት ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ሰርተህ ሶኬት ላይ እንዳትሰካም፣ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪህ ወደ ውጪው መስመር ይወጣና ፖል ላይ የወጣ ሰራተኛ ይገድላል። ወይ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከውጪው መስመር ለይቶ ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞር ማብሪያ) በባለሙያ አስገጥም ወይ በወፍራም ኤክስቴንሽን ቀጥታ ፍሪጁ ጋ ውሰደው።

ስሜንን በተመለከተ፣ ሳንቃበር 3250 ሜትር ነው፣ ያ 2 ኪሎዋት እዛ ወደ 1240 ይወርዳል፣ ለጎንደር ያስተካከልከው ካርቡሬተርም እዛ ላይ መልሶ ጥቁር ማጨስ ሊጀምር ይችላል። እኔ ብሆን አልወስደውም። እንግዶችህ ስልክ፣ የካሜራ ባትሪና መብራት ነው የሚፈልጉት፣ ለዛ 500 ዋት አወር የሚይዝ የሊቲየም ፓወር ስቴሽን (ሶኬት ያለው ትልቅ ባትሪ) እና አንድ የሚታጠፍ ሶላር ይበቃል፣ ጭላዳ ሊያይ የመጣ ሰው ጆሮ ስር ሞተር አይጮህም፣ ድንኳን አጠገብ ጭስም የለም። ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ባትሪውን ድንኳን ውስጥ አሳድረው፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል፣ ጠዋት ፀሀይ ካሞቀው በኋላ ሶላሩን ሰካ።

ኢንቨርተሩን ከገዛህ የመጀመሪያ ስራህ ዘይት መቀየር ይሁን፣ የበፊቱ ባለቤት ቀይሬዋለሁ ቢልህም ቀይረው፣ ከዛ በየ100 ሰዓቱ። መብራት ሳይጠፋ ብዙ ሳምንት ከቆየ የቤንዚን ቧንቧውን ዝጋና ራሱ እስኪጠፋ አስነሳው፣ ካርቡሬተር ውስጥ የተኛ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይደርቃል። የፓምፑን ፕሌት ደሞ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ግማሽ ሳይሆን ሙሉ ፈረስ ጉልበት ከሆነ ሲነሳ 2 ኪሎዋቱን ስለሚያጠፋው ሌላ ሂሳብ እንሰራለን፣ እሱን ሳናይ ቀብድ እንዳትከፍል።