ማው ሲት ሲት ሲለሰልስ ለምን ይጎደጉዳል?

ጥያቄ፦ ሥራዬ ኦፓል መቁረጥ ነው። አንድ ደንበኛ ከባንኮክ የገዛውን «ማው ሲት ሲት» የሚባል አረንጓዴና ጥቁር ድንጋይ አምጥቶልኛል። ፖሊሽ ሳደርገው አረንጓዴው ያበራል፤ ሌላው ቦታ ግን ይጎደጉዳል። ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጎድጎዱ ብቻውን ፎርጅድ አያሰኘውም። እንዲያውም የእውነተኛው ጠባይ ነው። ድንጋዩ የጄድ (የታወቀው አረንጓዴ የጌጥ ድንጋይ) ዘመድ ነው፤ የሚወጣውም ከሰሜን ምያንማር፣ ከካቺን ግዛት ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወቀው ስዊዘርላንዳዊው የከበሩ ድንጋዮች አጥኚ ኤድዋርድ ጉቤሊን ነበር።

እንደ ኦፓል አንድ ወጥ አይደለም፤ የብዙ ማዕድናት ድብልቅ ነው። አረንጓዴው ኮስሞክሎርና ክሮሚየም ያለበት ጄዳይት ነው። ጥቁሩ ነጠብጣብ በብዛት ክሮማይት ነው። በመሃሉ ነጣ ያለ አልባይት፣ አንዳንዴም ክሎራይት ይገባል። በሞስ መለኪያ (የድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ) ጄዳይት ወደ 7 ሲጠጋ ክሎራይት ከ3 አያልፍም። ስለዚህ ከሥሩ ስፖንጅ ያለው ዊል (የሚሽከረከር መፍጫ) ለስላሳውን ክፍል ቶሎ ይበላዋል። ለኦፓል የሚመቸው ስፖንጅ እዚህ ጠላትህ ነው።

አሁን የጎደጎደውን በፖሊሽ ብዛት ለማዳን አትሞክር፤ ይብስበታል። ወደ 280 ወይም 600 ዳይመንድ ተመለስና (ቁጥሩ ሲያድግ መፍጫው ይልማል) ፊቱ እኩል እስኪሆን አውርደው። የማይለጠጥ፣ ጠንካራ ዊል ተጠቀም። እጅህን አታክብድ፤ ውሃም አይለየው። ከ600 ወደ 1200 ስትሻገር ድንጋዩን አድርቀህ በማጉያ እየው፤ ጭረት ካለ አትለፍ። መጨረሻውን በእንጨት ወይም በጠንካራ ቆዳ ላይ፣ በዳይመንድ ፔስት ጨርሰው። አረንጓዴው እንዳበራ አቁም። ነጭ የፖሊሽ ዱቄት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጥቁሩ ላይ ስለሚታይ እኔ አልወደውም።

ቅርጹን ዝቅ ያለ ካቦሾን (ላዩ ክብ ሆኖ የተለሰለሰ ቅርጽ) አድርገው። ከመቁረጥህ በፊት አርጥበው፤ ሌላው ደርቆ ሳለ እርጥብ ሆኖ የሚቆይ መስመር ካየህ ስንጥቅ ነው፣ በዚያ በኩል አትሂድ። በጣም የላላ ቦታ ካለው በቀጭን ኢፖክሲ (ማጣበቂያ ሙጫ) ማጠንከር ይቻላል። ያን ካደረግህ ግን ለደንበኛው ንገረው፤ ሳይነገረው ሊወስደው አይገባም።

በደረቁ ፈጽሞ አትፍጨው፣ ማስክም አድርግ፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። ሲያልቅ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና እጠበው። አሲድና የአልትራሳውንድ ማጠቢያ አይንካው።