ፕሊፕ ተነሥቶ ፒንግ ካልመለሰ፣ መጀመሪያ ኢንተራፕቱን እይ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ኔትወርክ ካርድ የሌለው አሮጌ ላፕቶፕ አለህ። በፓራለል ፖርት (በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ) ከዴስክቶፕህ ጋር አገናኝተህ ሊኑክስ ልትጭንበት አስበሃል። ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ራስህ ኮምፓይል አድርገሃል፣ ፕሊፕ 0 የሚለው ኢንተርፌስ (ፓራለል ፖርቱን እንደ ኔትወርክ የሚያሠራው) ተነሥቷል፣ አድራሻም ተቀብሏል። ፒንግ (ሌላው ማሽን ይመልስ እንደሆነ የሚፈትሽ ትእዛዝ) ስታደርግ ግን ዝም። «ከርነሉ ላይ ምን ቀረኝ?» ነው ያልከው።

እኔ በዚሁ ችግር ብዙ ሌሊት አልፎብኛል። እንደኔ ግምት ከርነሉ ላይ የቀረህ ነገር ላይኖር ይችላል። ኢንተርፌሱ ከታየህ ኮንፊጉ ሠርቷል ማለት ነው። ቢሆንም በእርግጠኝነት እንድንነሣ ቶሎ ላስታውስህ። ሜኑኮንፊግ (የከርነሉ ምርጫዎች የሚስተካከሉበት ሜኑ) ውስጥ የፓራለል ፖርት ድጋፍን ታበራለህ፣ ከሥሩ ደግሞ የፒሲ ዓይነቱን ሃርድዌር ትመርጣለህ። ፕሊፕ ራሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ኔትወርክ መሣሪያዎች ሥር ታገኘዋለህ። የፓራለል ፖርቱ ድጋፍ ካልበራ የፕሊፕ ምርጫ ጭራሽ አይታይም። ፓርፖርት (የፓራለል ፖርቱ ሾፌር) ሞጁል (ተለይቶ የሚጫንና የሚወጣ የከርነል ክፍል) ከሆነ ፕሊፕም ሞጁል ብቻ ነው የሚሆነው። ሁሉንም ሞጁል እንድታደርገው እመክርሃለሁ። ከርነሉ ውስጥ ከከተትከው ቅንብር በቀየርክ ቁጥር ማሽኑን እንደ አዲስ ማስነሣት አለብህ። ሞጁል ከሆነ አውጥተህ መልሰህ መጫን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፕሊፕ በኢንተራፕት ነው የሚኖረው፤ ኢንተራፕት ማለት ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን የሚቀሰቅስበት ምልክት ነው። አንዱ ማሽን ሊልክ ሲል የዳታ 3ን መስመር ከፍ ያደርጋል። ያ መስመር በኬብሉ ተሻግሮ በሌላው ማሽን ፒን 10 ላይ ይደርሳል። ፓራለል ፖርት ኢንተራፕት የሚቀሰቅሰው በዚያች ፒን ነው። ተቀባዩ ነቅቶ ማንበብ የሚጀምረው ያኔ ነው። ካልነቃ ላኪው ትንሽ ጠብቆ ይተዋል፤ የከርነሉ መዝገብ ላይም ትራንስሚት ታይምአውት የሚል መልእክት ታያለህ።

ችግሩ የሊኑክስ ፓራለል ፖርት ሾፌር በአሮጌ ማሽን ላይ ካልነገርከው ብዙ ጊዜ ያለ ኢንተራፕት መነሣቱ ነው። ለፕሪንተር ያ ይበቃል። ስለዚህ የፓርፖርት ፒሲ ሞጁሉን ስትጭን አድራሻውንና አይአርኪውን (የኢንተራፕት ቁጥሩን) አብረህ ስጠው። የተለመደው በሄክሳ 378 እና 7 ነው። ሁለተኛ ፖርት ከሆነ 278 እና 5 ይሆናል። ከዚያ ዲሜሴጅን (የከርነሉን መዝገብ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ተመልከት። ፕሊፕ ያለ አይአርኪው ነው የምሠራው ካለህ ሊኑክስ ላይ መሥራቱ ይሠራል፣ ግን ፖርቱን በየጊዜው እየዞረ ስለሚጠይቅ በጣም ይንቀራፈፋል። ፍሪቢኤስዲ (ሌላው የዩኒክስ ዘር ሲስተም) ግን ያለ ኢንተራፕት አይሆንለትም።

አንድ የማልረሳው ፈተና አለ። ከአንዱ ማሽን ፒንግ እያደረግክ በሌላው ላይ ፕሮክ ሥር ያለውን የኢንተራፕቶች ፋይል ደጋግመህ ክፈት። የፓርፖርት 0 ቁጥር ከጨመረ መልእክቱ ደርሷል። ካልጨመረ ከርነሉን ተወውና ኬብሉን ያዝ። ከዚያ አቅጣጫውን ቀይረህ እንደገና ሞክር። ሁለቱ አቅጣጫዎች በተለያየ ሽቦ ስለሚሄዱ አንዱ ሠርቶ ሌላው ሊሞት ይችላል።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ኬብል ነው። ከርነሉን ሦስት ጊዜ እንደገና ኮምፓይል አድርጌያለሁ፤ በዚያ ደካማ ማሽን እያንዳንዱ አንድ ሙሉ ሌሊት ፈጀብኝ። በመጨረሻ መልቲሜትር ይዤ ፒኖቹን አንድ በአንድ ስለካ፣ ከፒን 5 ወደ ፒን 10 የሚሄደው ሽቦ ብየዳው ለቆ አገኘሁት። በሁለት ደቂቃ አለቀ። ያን ሁሉ ሌሊት ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

የፕሪንተር ኬብል አይሆንም። የሚያስፈልገው በሁለቱም ጫፍ ባለ 25 ፒን ወንድ የሆነ፣ ላፕሊንክ የሚባለው ተሻጋሪ ኬብል ነው። 2 ከ15፣ 3 ከ13፣ 4 ከ12፣ 5 ከ10፣ 6 ከ11 ይገናኛሉ፤ መልሶም እንዲሁ። ግራውንዱ 25 ከ25 ነው። ስትሰካና ስትነቅል ሁለቱንም ማሽን አጥፋ። ፖርቱ በሥራ ላይ እያለ ለመሰካት የተሠራ አይደለም፣ ሊቃጠል ይችላል።

ኬብሉ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ካልጨመረ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው የሃርድዌር ቅንብር) ግባ። ፖርቱ ኢሲፒ (ፈጣኑ የፖርት አሠራር) ላይ ከሆነ ወደ መደበኛው ወይም ባለ ሁለት አቅጣጫው ቀይረው። አይአርኪው 7 የፖርቱ መሆኑንም አረጋግጥ። የድሮ የሳውንድ ብላስተር ካርዶች 5ን ወይም 7ን መያዝ ይወዳሉ። የፕሪንተሩ ሞጁል ተጭኖ ከሆነም ለጊዜው አውጣው።

አድራሻው ላይ ብዙ የሚባል የለም። ግንኙነቱ ነጥብ ለነጥብ ስለሆነ በአንዱ ላይ 192.168.5.1ን የራሱ፣ 192.168.5.2ን የወዲያኛው አድርግ፤ በሌላው ላይ ገልብጠው። ላፕቶፑ ከዴስክቶፑ አልፎ ኢንተርኔት እንዲያገኝ ከፈለግክ ዴስክቶፑ ላይ ፓኬት ማስተላለፍና አድራሻ መተርጎም ማብራት አለብህ።

ፒንግ መልሶ ትልቅ ፋይል ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ አንዱ ማሽን ለሌላው እየፈጠነበት ነው። ፕሊፕኮንፊግ በሚባለው ፕሮግራም የትዕግሥቱን ጊዜ ጨምርለት። መነሻው ለትሪገር (ሌላውን ማሽን ለመቀስቀስ) 500 ማይክሮሰከንድ፣ ለኒብል (ለእያንዳንዱ የአራት ቢት ቁራጭ) 3000 ነው። እኔ ኒብሉን ወደ 10000 ከፍ አድርጌ ተረጋግቶልኛል። ፍጥነት ግን አትጠብቅ። ዳታው አራት አራት ቢት እየሆነ ነው የሚያልፈው፣ ፕሮሰሰሩም ሙሉ ጊዜውን ይሰጠዋል። እኔ ዘንድ በሰከንድ ጥቂት አሥር ኪሎባይት ነበር። ሲስተም ለመጫን ግን በቂ ነው፤ አዳሩን ይጨርሳል።

በአንዱ ጫፍ ፍሪቢኤስዲ ካለህ አንድ ወጥመድ አለ። የራሱ መነሻ አሠራር ከሊኑክስ ጋር አይግባባም። ኢንተርፌሱን ስታነሣ ሊንክ 0 የሚለውን ምልክት ጨምርለት፤ ያኔ ሊኑክስ የሚያውቀውን የፓኬት ቅርጽ ይጠቀማል።

ዴስክቶፕህ ፓራለል ፖርት ከሌለውና በዩኤስቢ መቀየሪያ እየሞከርክ ከሆነ ግን እዚያው አቁም። እነዚያ ባብዛኛው ለፕሪንተር ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ፕሊፕ የሚፈልገውን ቀጥታ ፖርት አይሰጡትም።

የኢንተራፕቱን ፈተና በሁለቱም አቅጣጫ ሞክረህ ቁጥሮቹንና ዲሜሴጅ ላይ ስለ ፓርፖርትና ስለ ፕሊፕ የወጡትን መስመሮች ላክልኝ። አብረን እናየዋለን።