ቀለሙ ተቀየረ፤ ሴሉስ?

ልጆቼ፣ ይህችን የምጽፈው ለመመረቂያ ሥራችሁ አንቲኦክሲዳንት (ራዲካል የተባሉትን ሴል የሚጎዱ ሞለኪውሎች የሚያከሽፍ ነገር) ፍለጋ ጦስኝ ወቅጣችሁ በሜታኖል ለምትዘፈዝፉት ነው።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ያንኑ ሳደርግ ነበር። ዲፒፒኤች የሚባለው፣ አንቲኦክሲዳንት ሲያገኝ ቢጫ የሚሆነው ወይን ጠጅ ፈሳሽ ላይ የጦስኝ ኤክስትራክት (ከዝፍዝፉ የወጣውን) ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ አቆየሁት። ሳወጣው ቢጫ ሆኗል። እየሮጥኩ አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። አየት አደረጉና "ደግ ነው። ሴሉስ ምን አለ?" አሉኝ። ሴል የት አለና!

ዲፒፒኤች ሰው ሠራሽ ራዲካል ነው፤ ሰውነታችን ውስጥ የለም። ቢጫ መሆኑ የሚነግረን ኤክስትራክቱ ሃይድሮጂን ወይም ኤሌክትሮን መስጠት መቻሉን ብቻ ነው። ሰው ሲጠጣው ጣጣው ብዙ ነው። አብዛኞቹ ፖሊፌኖሎች (እንደ ጦስኝ ባሉ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ አንቲኦክሲዳንቶች) ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ነው፤ የገቡትንም ጉበት ይለዋውጣቸዋል። አንዳንዶቹ እንዲያውም የሚሠሩት ራዲካል እያሳደዱ ሳይሆን ሴሉን ቆንጠጥ በማድረግ ነው። ያኔ ኬፕ1 የተባለው ፕሮቲን አስሮ የያዘውን ኤንአርኤፍ2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይለቀዋል። እሱም ኒውክለስ ገብቶ የሴሉን የራሱን መከላከያ ጂኖች ያስነሳል። ዘበኛውን መቀስቀስ በሉት። እኔ ይህን ስማር ጸጉሬ ሸብቶ ነበር።

ሴል ያገኛችሁ ዕለትም አትዝናኑ። ኤምቲቲ በሚባለው፣ ሴል በሕይወት መኖሩን በቀለም በሚያሳየው ቢጫ ማቅለሚያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሕያው ሴል ሲኖር ቢጫው ወይን ጠጅ ይሆናል። ችግሩ፣ ኤክስትራክታችሁ ያለ ሴልም ቀለሙን ሊለውጠው ይችላል። የሞተውን ሴል "ተረፈ" ብላችሁ ልትጽፉ ነው። ስለዚህ ሴል የሌለበት፣ ኤክስትራክት ብቻ ያለበት የመመርመሪያ ሳህን ጉድጓድ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። ኤምቲቲውን ከመጨመራችሁ በፊትም ሴሉን እጠቡት። እኔ ይህን ዘልዬ የስድስት ወር ልፋቴ ሜዳ ላይ ቀርቷል።

የአንቲኦክሲዳንት ኪኒን ሻጮችንም ቶሎ አትመኑ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቤታ ካሮቲን (ካሮት ውስጥ ያለ አንቲኦክሲዳንት) የዋጡት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ገደማ በዝቶ ተገኘ። ይከላከላል ተብሎ የተሰጠ ነበር እኮ!

"ጦስኝ ካንሰር ይከላከላል" የሚል መደምደሚያ ይዛችሁ ብትመጡ እመልሳችኋለሁ። ሻዩን ግን አብረን እንጠጣለን። እኔ የምጠጣው ስለሚጣፍጠኝ ነው።