ከአያቴ ደጃፍ የተማርኩት ፍርሃት

ልጆቼ፣ እዚህ ደሴ በስልካችሁ አስፈሪ ፊልም እየሠራችሁ ስታሳዩኝ ደስ ይለኛል። በድምፅ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና ሁልጊዜ ስለ ድምፁ ትጠይቁኛላችሁ። ከድምፁ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምትሠሩት ፍርሃት የሰው አገር ነው። ጨለማ ምድር ቤት፣ ጭምብል፣ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት። ቤታችን መች ምድር ቤት አለውና?

እኔ የምወዳቸው አስፈሪ ፊልሞች የአገራቸውን ሕመም ያውቃሉ። ጃፓኖች በ1954 በፈረንጆች አቆጣጠር «ጎጂራ»ን (ጎድዚላን) ሲሠሩ ሂሮሺማ ከተመታች ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ቢኪኒ በምትባል ደሴት ላይ የሞከረችው የኒውክሌር ቦምብ አመዱ ጃፓናዊ ዓሣ አጥማጆች ላይ ዘንቧል። ከባሕር የወጣው አውሬ እሱ ነው። ጩኸቱስ? የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ የኮንትራባስን፣ የትልቁን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ክር በቆዳ ጓንት እየፈተገ ያወጣው ነው። ይህ ብር አይጠይቅም፤ ጆሮ ነው የሚጠይቀው።

ለልቤ የሚቀርበው ግን በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የባባክ አንቫሪ «አንደር ዘ ሻዶው» ነው። ቴህራን፣ የኢራንና የኢራቅ ጦርነት። ሚሳኤል ጣሪያ ሰብሮ ይገባል፤ አይፈነዳም። ከዚያ በኋላ ጂኒ ገባ ይባላል። እናትየው በድንጋጤ ልጇን ይዛ በሌሊት ብትሮጥ፣ ሳትከናነብ ወጣሽ ተብላ ትያዛለች። ቤቷም ደጇም አያስጠልላትም። ወሎ ላደገ ሰው ይህን ማን ማስረዳት ይኖርበታል?

አያቴ ማታ የፈላ ውሃ እንዲሁ አትደፋም ነበር። በሩን ገርበብ ታደርግና «ቢስሚላሂ» ትላለች። ከዚያ ዝም። ጂኒዎቹ መንገድ እንዲለቁ ጊዜ መስጠቷ ነው። እኔ ቀሚሷን ጨብጬ ጨለማው ላይ አፈጣለሁ። ውሃው መሬት ሲነካ ጭስስ ይላል። ስንት ዓመት መቅረጫ ይዤ ዞርኩ፣ ያቺን ዝምታ የሚያህል ነገር ግን አላገኘሁም።

እና ሄዳችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ቡና ሲፈላ ተቀመጡና አዳምጡ፤ ስልኩን ቶሎ አታውጡት። በ2014 ከተማችን ያየችውን ጦርነት ግን፣ አደራ፣ ለማስደንገጫ ብላችሁ አትንኩት። ያልደረቀ እንባ ነው።

ቅዳሜ ማታ የጅብ ድምፅ ልቀዳ ወደ ጦሳ ተራራ እወጣለሁ። መምጣት የፈለገ ይምጣ፣ ግን ጋቢ ይያዝ፤ ብርዱ አይቻልም።